ቧንቧ ሠሪው ጋሽ ንጋቱ

ጋሽ ንጋቱ ያረፉ ዕለት ሲያትል ውስጥ በሦስት ሙያ ተለቀሰላቸው። ሳሎኑ ጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት «ከእንግዲህ የወጥ ቤቴን ቧንቧ ማን ያይልኛል?» እያሉ ያነባሉ። ከጎናቸው ያለው ሰውዬ የልጁን ኦርጋን፣ ያቺን ሠርግ ላይ በኤሌክትሪክ የምትንጫረረውን፣ እንዴት አድርገው ከሞት እንዳስነሡለት ይተርካል። ሦስተኛዋ እትዬ አስካለ ነበሩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ነፍስ ይማር እንዳልል እኮ ፈራሁ፤ ጴንጤ ሆነው ነው የሞቱት ይባላል፤ እንዲያውም ፓስተር ነበሩ አሉ» አሉኝ።

ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አልነበረም። በዚሁ ወሬ የተነሣ ጋሽ ንጋቱ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግላቸው አይደረግላቸው እስከዚያ ሰዓት አልተወሰነም። «ይጣራ» ተብሏል። እውነቱን የሚያውቅ ሐበሻ ደግሞ በከተማው ከእኔ በቀር አልነበረም። ከዓሥራ ሁለት ዓመት በፊትም ከእኔ በቀር አልነበረም፤ ያን ጊዜ ያደረግኩትን ቆይቼ እናገራለሁ።

ጋሽ ንጋቱ ቧንቧ ሠራተኛ አልነበሩም። ኪቦርድ ጠጋኝም አልነበሩም። ፓስተርማ ጭራሽ። ሥራቸው በአማርኛ ስም የለውም፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። የፈረንጆች የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ግድግዳውን ሞልቶ የሚቆም፣ በነፋስ የሚሠራ ትልቅ መሣሪያ አለ። ከእርሳስ ከሚያንሱት አንሥቶ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ እስከሚወፍሩት ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ቱቦዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቱቦ አንድ ድምፅ ብቻ ያውቃል። እንግሊዝኛው ፓይፕ ኦርጋን ይለዋል። እኛ ዘንድ ፓይፕ ማለት ቧንቧ ነው፣ ኦርጋን ማለት ኪቦርድ ነው። ሁለቱን ስታጋጥሟቸው ቧንቧ የሚጠግን የሠርግ ሙዚቀኛ ይወጣላችኋል። ጋሽ ንጋቱ ይህን ለማስረዳት ዓመታት ሞክረው ሲሰለቻቸው ተውት፤ ቧንቧ ሲያፈስ ቤት ድረስ ሄደው መጠገንም ጀመሩ። «ከማስረዳት መጠገን ይቀላል» ይሉ ነበር።

ደግሞ በሰው መፍረድ አይችሉም፤ የመጀመሪያው ተሳሳች ራሳቸው ነበሩ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲያትል እንደመጡ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆኑ። አንድ ቀን አውቶቡሳቸው ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር መጋዘኖች መሀል ሲያልፍ አንድ በር ላይ «ፓይፕ» የሚል ጽሑፍ አዩ። በማግሥቱ የቧንቧ መፍቻቸውን በፌስታል ይዘው ሄዱ። የድርጅቱ መሥራች ሽማግሌው ኦላፍ በር ከፈተላቸው።

«ፓይፕ ላይ ሠርተህ ታውቃለህ?» አላቸው።

«ዕድሜ ልኬን» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«ምን ዓይነት ፓይፕ?»

«የሚያፈስ።»

ኦላፍ ሳቀ። የኦርጋን ዋናው በሽታ ነፋስ ማፍሰስ ስለሆነ የሙያ ቀልድ የቀለዱ መሰለው። ሁለት ቱቦዎች አንሥቶ እያከታተለ ነፋባቸውና የቱ እንደሚሻል ጠየቃቸው። ጋሽ ንጋቱ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም «ይሄ ደህና ነው፤ ያኛው ጉንፋን ይዞታል» አሉ። ሽማግሌው ያኛውን ገልብጦ በመነጽር ሲያየው ከቱቦው አፍ ሥር የተሰነጠቀ ነገር አገኘ። መፍቻው ከፌስታሉ ሳይወጣ ሥራ ጀመሩ። ቧንቧ ቤት አለመሆኑን ያወቁት በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ያን ጊዜ ግን እነኦላፍ ጆሯቸውን ወደውት ነበር።

እኔንም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ የጭነት መኪናው ሹፌርና ቱቦ ያዥ አድርገው። ድርጅቱ በር ላይ «ኦላፍና ወንዶች ልጆቹ» ይላል። ኦላፍ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ካረን ብቻ ናት፤ ወንዶቹ ታፔላው ሲጻፍ ተስፋ ነበሩ። ሰዎቹ ስለ ድርጅታቸው ታሪክ አንድ የሚያምር መጽሐፍ አሳትመዋል። መሥራቹ ከአያቱ የወረሰውን ጆሮ፣ የመጀመሪያውን ኦርጋን በቤቱ ጋራዥ እንዴት እንደሠራ፣ ሁሉንም ያትታል። «እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እያንዳንዱን ቱቦ በገዛ ጆሮው አዳምጦ ነው ያሳለፈው» ይላል። ይሄ እውነት የሚሆነው የጋሽ ንጋቱን ጆሮ የኦላፍ ጆሮ ብለን ከቆጠርነው ነው።

ምክንያቱም ሽማግሌው እያደር ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ይህን የምናውቀው ካረን፣ ጋሽ ንጋቱና እኔ ብቻ ነበርን። ደንበኞች ሲመጡ ኦላፍ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ቱቦው ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ገለጥ አድርጎ ከደንበኞቹ ጀርባ የቆሙትን ጋሽ ንጋቱን ያያል። ኮፍያቸውን አንዴ ከነኩ ቱቦው ደህና ነው። ሁለቴ ከነኩ ችግር አለበት። ኦላፍ በዚያው መሠረት ራሱን በእርካታ ይነቀንቃል ወይም ፊቱን ያጨፈግጋል። አንዲት ሴትዮ በሽማግሌው ጆሮ ተገርማ ስታለቅስ አይቻለሁ። ጋሽ ንጋቱ መሐረብ አቀበሏት።

«ለምን አይናገሩም፣ ጋሼ? ስምዎ እንኳ ቢጻፍ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ምን ብለው ይጻፉ? ኮፍያ ነኪ?» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሥራው ቱቦን ማናገር ነው። ቱቦ አፍ አለው፣ ከንፈር አለው፣ ጆሮና እግርም አለው፤ ይህ የእኔ ፈጠራ ሳይሆን የሙያው ቋንቋ ነው። አዲስ የተሠራ ቱቦ ያስላል፣ ያፏጫል፣ ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ጋሽ ንጋቱ በትንሽ ቢላ ከንፈሩን ፋቅ፣ እግሩን ጠበብ እያደረጉ አፉን ያስፈቱታል። ከሁሉም የሚያስቸግራቸው ዘግይቶ የሚናገር ቱቦ ነበር። ቁልፉን ስትጫኑት ሌሎቹ ወዲያው ሲጮኹ እሱ ትንሽ ያስባል። ችኩል ሠራተኛ አፉን ሰፋ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ያኔ ፈጥኖ ይናገራል፣ ግን ዕድሜ ልኩን ይጮኻል። የተቆረጠ አፍ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ጋሽ ንጋቱ እንዲህ ዓይነቱን ቱቦ ቀስ ብለው ለቀናት ይሞክሩታል፤ እምቢ ካለም እንዳለ ይተዉታል።

ሌላው አመላቸው መጻፍ ነበር። ሠራተኛ ሁሉ ቱቦው ጀርባ ላይ የድምፁን ስም በእርሳስ ይጽፋል። ጋሽ ንጋቱ ከሥሩ በአማርኛ የሚጨምሯት አላቸው። ካረን ትርጉሙን ስትጠይቀኝ እሳቸው ከኋላዋ ሆነው ዓይናቸውን አጠበቡብኝ፤ እኔም «የሙያ ማስታወሻ ነው» አልኳት። ኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው መጥቶ ፎቶ አነሣው። መጽሐፉ ውስጥ አሁን «ጥንታዊ የኢትዮጵያ የዜማ ምልክት» የሚል አንቀጽ አለ። ፎቶው ላይ ያለው ጥንታዊ ምልክት ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ «አስካለ፦ ማንም ሳይጠራት ትጮኻለች።»

አዎ፣ የሰው ስም ነበር የሚጽፉት። ማኅበረሰባችን በሙሉ ቱቦ ላይ ሰፍሯል። የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር አቶ ፈለቀ አንድ ወፍራም የእንጨት ቱቦ ደርሷቸዋል፦ «ፈለቀ፦ ብዙ ነፋስ ይበላል፣ ድምፁ ከወለል አያልፍም።» ያን ትልቁን ኦርጋን፣ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ቱቦ ያለውን፣ ስንሠራ እያነበብኩ ከመሳቅ ብዛት ሥራ ፈትቻለሁ።

«የእኔስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አለ። ግን ፈልገህ አታገኘውም።»

ኦርጋኑ አንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተተከለ። ለምረቃው በታተመው በራሪ ወረቀት ላይ ጋሽ ንጋቱ ኮፍያቸውን አውልቀው ከኦርጋኑ ፊት ቆመዋል። ወረቀቱ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እትዬ አስካለ እጅ ገባ። ጋሽ ንጋቱ ያን ጊዜ የሰበካ ጉባኤያችን አባል ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ።

«ይህ ማነው?» አሉ አቶ ፈለቀ ወረቀቱን ከፍ አድርገው።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«ቱቦ አናግራለሁ።»

እውነቱን ነው የተናገሩት፤ ግን ከዚያ የከፋ መልስ መምረጥ አይቻልም ነበር። ከኋላ አንድ ሰው «በልሳን ነው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ተንጫጫ።

«ኦርጋን ነው የሚሠሩት ወይስ አይደለም?» አሉ አቶ ፈለቀ።

«ኦርጋን ነው፤ ግን ኦርጋን ማለቴ ያ ኦርጋን አይደለም።»

«ሶ የትኛው ነው? አንድ ነገር ይናገሩ!»

«እምነቴን አልቀየርኩም። ለሰዎቹ ዕቃ ነው የምሠራላቸው፤ አናጢም እኮ ወንበር ይሠራላቸዋል» አሉ ጋሽ ንጋቱ። ከዚያ ዞር ብለው በእጃቸው አመለከቱኝ። «ሲሳይ አብሮኝ ነው የሚውለው። የምሠራውንም፣ የት እንደማስቀድስም ያውቃል። እሱ ያስረዳችሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ያን ሰሞን አቶ ፈለቀ ቤት ሽማግሌ ልልክ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረኝ፤ ልጃቸውን ለማግባት። አቶ ፈለቀም አዩኝ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔ እንኳ ድራይቨር ነኝ። ሎድ አደርጋለሁ፣ ድሮፕ አደርጋለሁ። የውስጡን ነገር... አላውቅም።»

«ልክ ነው፤ ድራይቨር ነው» አሉ ጋሽ ንጋቱ፣ ለእኔ መስክረው። ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ በጣታቸው ሁለቴ ነኩት። ምልክቱን ያወቅኩት እዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ማፈሬ ግን ሽማግሌ ከመላክ አላገደኝም።

ነገሩ በቃለ ጉባኤ ተጻፈና ጋሽ ንጋቱ ከሰበካ ጉባኤው ወጡ። በቀጣዩ እሑድ ዝናቡ እየወረደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰው ቆመው አገኘኋቸው። መኪና ያስቆማሉ። «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ፣ ፓርክ አድርጊው!» ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አልሞከረም፣ በሲያትል ዝናብ ያን ቦታ የሚመኝ ሰው አልነበረምና። ዓሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መናፍቅ ያሏቸውን ሰዎች መኪና አንድ በአንድ ሲያስቆሙ ኖሩ። ቅዳሴውን የሚሰሙት ውጭ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ነበር። አቶ ፈለቀ ከአዳራሹ በር አጠገብ ያለው ቦታ ካልተጠበቀላቸው ይቆጡ ነበር፤ ጋሽ ንጋቱም ይጠብቁላቸው ነበር። እኔን በሥራ ቦታ ስለዚያ ስብሰባ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

እነሆ ያ ሁሉ አለፈና ልቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ልጃቸው ሜሮን እንባዋን እየጠረገች መጣች። ሬድመንድ በአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ትሠራለች፤ አማርኛዋ ሲጨንቃት ይጠፋል።

«አንክል ሲሳይ፣ ፍትሐት... ሜይቢ ኖ አሉኝ። ሶ ዳዲ ፓስተር ነበር እንዴ? አይ ዶንት አንደርስታንድ።»

አማቴ አቶ ፈለቀ ከቀሲስ ታደለ ጎን ተቀምጠዋል። ቀሲስ አዲስ ናቸው፤ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። አማቴ በለሆሳስ «የተጻፈ ቃለ ጉባኤ አለ፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም» ይሏቸዋል። ባለቤቴ ከማዶ እያየችኝ ነው። ተነሣሁ።

«አባቶች ይቅርታ። ጋሽ ንጋቱ ፓስተር አልነበሩም። የሚሠሩት በነፋስ የሚጮህ ትልቅ የሙዚቃ ዕቃ ነው፤ ፈረንጆቹ ይገዙታል፣ እሳቸው ይሠሩታል፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንድም ቀን እነሱ ጋ ጸልየው አያውቁም። አብሬያቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ጉባኤው ላይ አላውቅም ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ኪቦርዱ የተጠገነለት ሰውዬ «ይሄ እኮ ነው እኔ የምለው» አለ፤ ምንም ሳይል ቆይቶ።

«ዋሽቼ ነው?» አሉ አማቴ። «እና አሁን ነው የምትናገረው? ከዓሥራ ሁለት ዓመት በኋላ?»

«አዎ፣ አሁን ነው።»

ቀሲስ ታደለ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። «እኔ ስመጣ በየሳምንቱ በር ላይ ዝናብ ሲመታቸው የማያቸው፣ መስቀል ሳሳልማቸው ኮፍያቸውን የሚያወልቁት ሰውዬ ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው» አሉ እትዬ አስካለ፣ ለአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንግዲያው ፍትሐቱ ነገ ጠዋት ነው» አሉና ቀሲስ ጸሎት ጀመሩ።

በማግሥቱ ሰው ከጠበቅነው በላይ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መግቢያ ተዘጋ። አንዱ ወደ ኋላ ሲል ሌላው ይገባበታል፤ አማቴ መስኮት አውርደው ይጮኻሉ፤ አስከሬን የጫነው መኪና ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ምን እንደጎደለ ለመረዳት ጥቂት ደቂቃ ፈጀብን። ከዚያ ከመኪናዬ ወረድኩና ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ!» ማለት ጀመርኩ። አማቴን ከአዳራሹ በር ርቀው እንዲያቆሙ ነገርኳቸው፤ ያን ቦታ ለጋሽ ንጋቱ ጠበቅኩላቸው። ለቅሶዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ከወር በኋላ ካረን ደወለች። ትልቁ ኦርጋን ሊጸዳ ቱቦዎቹ እየወረዱ ነው፤ የኢትዮጵያውን የዜማ ምልክት ሳያውቁ እንዳያበላሹ ፈርታ እንዳነብላት ትፈልጋለች። ሄድኩ። ማስታወሻው ሐሜት መሆኑን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ኋላ የአስካለን ስተረጉምላት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከዚያ እያንዳንዱን ቱቦ አስነፋሁና ጽሑፉን አነበብኩላት፤ ሐሜቱ ሁሉ ልክ ነበር። አስካለ ትጮኻለች። አማቴ ወለል ያንቀጠቅጣሉ እንጂ አይሰሙም። ካረን ሳቋን አቁማ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም የጋሽ ንጋቱ ስም መግባት እንዳለበት ወሰነች። «ሙያቸው ምን ተብሎ ይጻፍ?» አለችኝ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚሆን አጣሁ።

የእኔን ያገኘሁት ከላይ በመሰላል ተወጥቶ በሚደረስበት ጥግ፣ ገና ያልወረዱት መሀል ነው። መካከለኛ ቱቦ ነው፤ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር የለውም። ጀርባው ላይ በደበዘዘ እርሳስ «ሲሳይ፦ ዘግይቶ ይናገራል» ይላል። ይህ የተጻፈው ኦርጋኑ ሲሠራ፣ ከስብሰባው በፊት ነው። ስለዚህ ያን ዕለት በእጃቸው ሲያመለክቱኝ ምን ዓይነት ምስክር እንደጠሩ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። እርሳሱ አዲስ ነው፣ ፊደሉም የተንቀጠቀጠ፤ በእርጅናቸው ለማስተካከል በየዓመቱ ሲመጡ የጻፉት መሆን አለበት። «ይናገራል ግን። አትንኩት» ይላል።

«ምን ይላል?» አለች ካረን ከታች።

«ቁልፉን ተጫኚው» አልኳት።

ተጫነችው። ነፋሱ ወደ ቱቦው ሲገባ ይሰማኛል፤ ድምፅ ግን የለም። ሌላው ቢሆን እስካሁን ጮኾ ነበር። ከዚያ ተናገረ፤ ጥርት ያለ፣ ዝግ ያለ ድምፅ ነው።

«ይዘገያል» አለች ካረን። «አፉን ትንሽ እንቁረጠው?»

መልሱ ቶሎ አልወጣልኝም። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀችኝ።

«አትንኪው» አልኳት።